ወረቀት አይቆረስም

ዳቦ ጋግሬ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ከጎረቤቶቼ አንዷ ተነስታ «እርስዎ ደግሞ ከመቼ ወዲህ!» እንዳትለኝ ነው። እኔ በላተኛ ነኝ። ጥርሴ ከበቀለ ጀምሮ ዳቦ ስበላ የኖርኩ፣ ጥርሴ እየወለቀ ባለበት በዚህ ዕድሜዬም ያላቋረጥኩ ሰው ነኝ። መሥሪያ ቤት ቢሆን በአንድ ሥራ ላይ ይህን ያህል የቆየ ሰው ዋና አማካሪ ተብሎ ወንበር ይሰጠው ነበር። በቤቴ ግን የምፈለገው ለቅምሻ ነው፤ እሱም ሲኖር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴና የሕንፃችን ሴቶች፣ አሁን አሁን ደግሞ ሁለት ወጣት ወንዶች ተጨምረው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እኛ ቤት ቡና ይጠጣሉ። መጠጣታቸውን አልጠላም። ቡና ካለ የቡና ቁርስ አለ፣ የቡና ቁርስ ካለ እኔ አለሁ። ድሮ እንዲያ ነበር። ዛሬ የሚመጡት ደብተር ይዘው ነው። አንዷ የዳቦ አሠራር ታነባለች፣ ሌላዋ የቁርስ፣ ሌላዋ የኬክ፤ የቀሩት ይጽፋሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ያርማሉ። እኔ ጥግ ይዤ ሰሃን እጠብቃለሁ። ስለ ድፎ ዳቦ ይወራል፣ ስለ አምባሻ ይወራል፣ በኮባ ተጠቅልሎ በእንፋሎት ስለሚበስለው ሕብስት ይወራል፤ ምራቄ ጉሮሮዬን ሊዘጋው ይደርሳል። በመጨረሻ የሚቀርበው ፈንዲሻ ነው።

ባደግኩበት ጉለሌ አሠራር የሚባል ነገር ከቤት ወደ ቤት ሲዞር አላየሁም። የሚዞረው ዳቦው ራሱ ነበር። እናቴ ዳቦ የደፋች ዕለት፣ አባቴ ባርኮ ከቆረሰ በኋላ፣ የሚቀጥለው ሥራ እኔን መላክ ነው፦ «ይቺን ለእትዬ አድርስና በሩጫ ተመለስ»። ሰሃን ላይ ትኩስ ቁራሽ፣ ከላዩ ጨርቅ። መንገድ ላይ ከጠርዙ ትንሽ እሸርፋለሁ፤ ያ የመልእክተኛ ድርሻ ነው፣ ማንም አይጠይቀኝም። ያ ሰሃን ታዲያ ባዶውን አይመለስም። ዛሬ ባይሆን ከሳምንት በኋላ ቆሎ ተጭኖበት፣ ሽሮ ተጨምሮበት፣ ምንም ከጠፋ ሁለት ሎሚ ይዞ ይመጣል። ሰሃን ባዶውን የመለሰች ሴት እጇ አይፈታም ተብላ እስከ ዓመት ትታማለች። አሁን ሰው ወረቀት ሰጥቶ ወረቀት ይቀበላል፤ የማንም ሰሃን ከመደርደሪያው አይወርድም።

ዕውቀት አይዞርም ነበር ማለቴ አይደለም። ይዞር ነበር፣ ግን በጣሳ ነው የሚዞረው። እርሾ ያለቀባት ወይም የተበላሸባት ሴት ልጇን ትልካለች፦ «እማዬ እርሾ ይላኩልኝ ብላለች»። የአንዷ ቤት እርሾ በሌላዋ ሊጥ ገብቶ እዚያ ይከርማል፤ ጊዜ ሲገለበጥና የሰጪዋ እርሾ ሲሞት ደግሞ ከተቀባይዋ ቤት ተመልሶ ይመጣል። ተዋህስያኑ ዱቄት እየበሉ፣ አየር እየተፉ፣ ሊጡን ሲያነሱ፣ ከቤት ቤት ሲጓዙ ይኖራሉ። ነፍስ ያለው ነገር ነበር የሚበዳደሩት። አንዲት ሙሽራ አዲስ ጎጆ ስትወጣ ከእናቷ ቤት እርሾ ይዛ ከሄደች፣ የእናቷን ዳቦ ጣዕም ይዛ ሄደች ማለት ነው፤ ማንም አልጻፈላትም።

ዛሬ እርሾው በፓኬት ነው። አልረግመውም፤ ሊጥ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሆዱ ሲነፋ አይቼ ገርሞኛል። ግን በአንድ ሰዓት የተነሳ ሊጥ ያደረውን ሊጥ ጠረን ከየት ያመጣዋል? ያቺ ቀለል ያለች ኩምጣጤ የምትመጣው በጊዜ ነው፣ ጊዜ ደግሞ በፓኬት አይሸጥም። ከሁሉ በላይ ግን የፓኬት እርሾ ሊበደር የጎረቤት በር የሚያንኳኳ የለም። ሱቁ ከታች ነው።

ወደ ልኬቱ ልምጣ፣ ምክንያቱም ከባለቤቴ ጋር የተኮራረፍኩት በልኬት ነው። አንድ ቅዳሜ የተጻፈው ወረቀት «አንድ ብርጭቆ ዘይት» ይላል። የማን ብርጭቆ? በእኛ ቤት ብርጭቆ ማለት የሻይ ብርጭቆ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ባለችው ልጅ ቤት ግን አቮካዶና ማንጎ ተደራርቦ የሚቀርብበት የጁስ ብርጭቆ ነው። ልጅቷ በየዋህነት በራሷ ብርጭቆ ለካች። ያ ዳቦ ተጋገረ አይባልም፣ ተጠበሰ ነው የሚባለው። ቁራሹን ስይዘው ዘይቱ በእጄ ወርዶ ሸሚዜ እጅጌ ውስጥ ገባ። «እንዴት ነው ጋሼ?» ስትለኝ «ወዛም ነው» አልኩ፤ ከዚህ በላይ እውነት መናገር ክርስትናዬ አልፈቀደልኝም።

ከዚያ በኋላ ሚዛን ተገዛ። ዱቄት 1,000 ግራም፣ ውሃ 650 ግራም፣ ጨው 20 ግራም። ውሃ ሲመዘን ያየሁት ያኔ ነው። በነገራችን ላይ ዳቦ ቤቶች እንዲህ እንደሚሠሩ አውቃለሁ፤ ዱቄቱን መቶ ብለው ይነሱና ሌላውን ሁሉ ከእሱ በመቶኛ ያሰሉታል። ለእነሱ ያዋጣል፣ የዛሬው ዳቦ የትናንቱን መምሰል አለበት፣ ደንበኛ ይቆጣል። እናቴ ግን የምታስፈጨው ስንዴ ራሱ በየጊዜው ይለያይ ነበር። ክረምት ላይ ዱቄቱ እርጥበት ስቦ ስለሚቆይ ብዙ ውሃ አይጠጣም፣ በበጋ ይጠጣል፤ ከነገለባው የተፈጨው ደግሞ ከነጩ ዱቄት የበለጠ ይጠጣል። እሷ ዱቄቱን በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አድርጋ፣ አንዴ ወደ ሰማይ አይታ፣ ውሃዋን ታወርዳለች። ይህን ለሚዛኑ ባለቤቶች ብነግራቸው «እሺ ጋሼ፣ ሁለቱን ጣት በግራም ስንት እንበለው?» አሉኝ። እንዲህ ያለ ትውልድ ነው።

የድሮ ሴቶች ሁሉን ይናገሩ ነበር ብዬ አልዋሽም። «ሙያ በልብ ነው» ያሉት እነሱ ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና አማቴ የድፏቸውን ነገር የጠየቃቸውን ሰው አስቀምጠው፣ ቡና አጠጥተው፣ አንድ በአንድ ይዘረዝሩለታል፤ ስንዴው እንዴት እንደሚለቀም፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ድንብላሉ፣ ሊጡ በኮባ ቅጠል እንዴት እንደሚጠቀለል፣ እሳቱ ከታችም ከላይም እኩል እንዲሆን ፍሙ እንዴት እንደሚደለደል። አንድ ነገር ብቻ ይዘልላሉ። ምን እንደሆነ ባለቤቴ ታውቃለች፣ እኔ ትዳሬን በሙሉ ጠይቄ አልተነገረኝም። ጠያቂዋ ቤቷ ገብታ ትሞክራለች፣ አይሆንላትም፣ እጇን ትወቅሳለች። ከሳምንት በኋላ ታዲያ አማቴ ራሳቸው ግማሽ ድፎ ተሸክመው በሯ ላይ ይቆማሉ። ምስጢሩን ቢደብቁ ዳቦውን አይደብቁም። እነዚህ የእኛዎቹ ምስጢር የሚባል አያውቁም፣ ከዱቄቱ ዓይነት እስከ ምጣዱ ሙቀት በደግነት ይናገራሉ፤ ቤታቸው ብትሄድ ምጣዱ ቀዝቃዛ ነው።

ደግሞ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የወረቀቱ መጨረሻ መስመር ነው። «በረድ ሲል ቆራርጦ ማቅረብ» ይላል። ማን ነው የሚቆራርጠው? ዳቦ ቆራሹ እኔ ነበርኩ! በዚህ ሁሉ የዳቦ ሥራ ውስጥ አባወራ ያለው ድርሻ አንድ ነው፦ ይነሳል፣ ይመርቃል፣ በቢላዋ ጫፍ መስቀል ያበጅበታል፣ ይቆርሳል። ልጆች ጸጥ ይላሉ፣ የመጀመሪያው ቁራሽ ለማን እንደሚሄድ ያያሉ። በዓመት በዓል፣ በማኅበር፣ በዝክር፣ እንዲህ ነበር። አሁን ዳቦው ከኩሽና ተከታትፎ፣ እንደ ሳሙና በአራት ማዕዘን ተደርድሮ ይወጣል። «ምርቃቱስ?» ስል «ከበሉ በኋላ ይመርቁናላ» ተባልኩ። ሥራዬን ያጣሁት በጡረታ አይደለም፣ በዚያች መስመር ነው።

ባለፈው ክረምት ደግሞ የሙልሙል አሠራር መጣ። ሙልሙል! ለዚህም ወረቀት አስፈለገ። መነጽሬን አድርጌ ሳነበው፦ ቅቤ፣ ወተት፣ ሁለት እንቁላል። ደሜ ፈላ። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ተይዞ የሚፈታው በ16 ነው። ልጆቹ ሆያ ሆዬ ብለው የሚቀበሉት ዳቦ በጾም ውስጥ የሚበላ ዳቦ ነው። «ልጆቹን ልታስገድፏቸው ነው?» ብዬ ጮህኩ። «አይ ጋሼ፣ ለስለስ እንዲል ብለን ነው» አለችኝ አንዷ። ሙልሙል ለስላሳ የሆነው መቼ ነው? ስንዴ፣ ውሃ፣ ጨው፣ እርሾ፤ በቃ። እኛ ጅራፍ እያጮኽን ከበር በር ዞረን፣ በከረጢት አጭቀን፣ ማታ ስናወጣው ውሻ ብንወረውርበት ይሸሽ ነበር። ግን ሙልሙል ነበር። አሁን ልጆቹ ሲመጡ የሚሰጣቸው ብር ነው፤ ሙልሙሉ ደብተር ውስጥ ተቀምጧል፣ ከነቅቤው።

በጾሙ ነገር አንዱን ወጣት ላመሰግነው ይገባል፣ ፊት ለፊት ባልነግረውም። የጾም ኬክ ብሎ አመጣ። እንቁላሉን በምን ተካው? በተልባ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ይበጠብጠዋል፣ ጥቂት ሲቆይ ይዝለገለጋል፣ ያ ዝልግልጉ ሊጡን ያያይዘዋል። እኔ ተልባን የማውቀው በፍትፍትና በሆድ ድርቀት ነው። ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ፣ ሁለተኛውን «ለማረጋገጥ ነው» ብዬ። ልብ በሉ፣ ይህ ልጅ ያመጣው ወረቀት አልነበረም፣ ኬክ ነበር። ስለ እሱ ወደ በኋላ እመለሳለሁ።

ቁርስ ላይ ግን ምሕረት የለኝም። አንዷ አጃ ማታ በወተት ዘፍዝፎ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሮ፣ ጠዋት ቀዝቃዛውን መብላት የሚል አሠራር አነበበች፤ ሌሎቹም ጻፉ። እሳት ያልነካው አጃ! እኛ አጃን የምናውቀው አጥሚት ሆኖ፣ ትኩስ ትኩሱን፣ ለአራስና ለታመመ ሲሰጥ ነው። ጥሬ አጃ የሚበላው በጋጣ ውስጥ ነው። «ጊዜ ይቆጥባል» አለችኝ። ጊዜ ከተቆጠበ በኋላ ምን ሊበላበት ነው?

ቁርስ ማለት እጅ የሚያሞቅ ነገር ነው። በጠዋት የምጣድ ጠረን ያለው ቂጣ ተቆራርሶ፣ በንጥር ቅቤና በበርበሬ ታሽቶ ጨጨብሳ ሲሆን። ያደረ እንጀራ ፍርፍር ሲሆን። ቅንጬ፣ ቅቤው ከላዩ ገና ሳይቀልጥ። ሠፈር ውስጥ ከሆነም ፉል ከትኩስ ፉርኖ ጋር፣ ሽንኩርትና ቃሪያው ከላይ ተከትፎ። ሐረር የሄደ ደግሞ ፋጢራ በማር ይበላል፣ እኔም ወጣት ሳለሁ እዚያ ሳስተምር በልቻለሁ፤ ደመወዜ የት እንደገባ ቤተሰቤ ሲጠይቀኝ መልሱ እሱ ነበር።

ገንፎ ግን ለብቻው ይነገርለት። የገንፎ አሠራር ጻፉ ቢባል እስቲ ምን ይጻፋል? ገብሱ ተቆልቶ ተፈጨ፣ ውሃው ፈላ፣ ዱቄቱ ገባ፤ እስከዚህ ድረስ ማንም ይጽፈዋል። ከዚያ በኋላ ያለው የትከሻ ጉዳይ ነው። ባለቤቴ ድስቱን በእግሯ መሃል አድርጋ፣ ማማሰያውን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳይጓጉል ስታሸው ከሳሎን ይሰማኛል። መጀመሪያ ቱፍ ቱፍ ይላል፣ ቀጥሎ ድምፁ ይወፍራል፣ ከዚያ ድስቱን መልቀቅ ሲጀምር ሌላ ድምፅ ያወጣል። ያን ጊዜ እጄን ልታጠብ እነሳለሁ። ማንም ሳይጠራኝ! ያን ድምፅ በስንት የሻይ ማንኪያ ይለኩታል? ሲቀርብም ሥርዓት አለው። መሃሉ ይጎደጎዳል፣ ቅቤና በርበሬው ይፈስበታል፣ የሚበላው ከዳር ነው፤ ቸኩሎ ግድቡን ያፈረሰ ልጅ ጭኑ ይቆነጠጣል። ቅቤውን ሁሉ ወደ እኔ በኩል አፍስሼ የተቆነጠጥኩበት ቦታ አሁንም ይታወቀኛል።

ወረቀት ውቅያኖስ ሲሻገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ልጃችን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። የአያቷን ድፎ አማራት። እናቷ በስልክ አስጻፈቻት፣ ያቺን የተደበቀችውን ነገር ጭምር በሹክሹክታ፣ እኔን ከክፍሉ አስወጥታ። ልጅቷ ኮባ ስላጣች በረዶ የሆነ የሙዝ ቅጠል ገዝታ፣ ሰዓቱን ጠብቃ ጋገረች። ዳቦው ደነደነባት። በነጋታው እናቷ ከአልጋዋ ሳትነሳ ደውላ «እማዬ፣ አንድ ነገር ደብቀሽኛል» ብላ አለቀሰች።

እዚህ ላይ እኔ መናገር ነበረብኝ። ጡረተኛ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ በሕይወቴ ዳቦና ሙያዬ የተገናኙት በዚያች ዕለት ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ውሃችን የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ልጄ ያለችበት ዝቅተኛ ቦታ ግን ወደ 100 ይጠጋል። ሊጥ ውስጥ ያለው አየርም እዚህ የሚጫነው ግፊት ስለሚያንስ ቶሎ ይለጠጣል፣ ዳቦ ቶሎ ይነሳል። እዚያ የሚጫነው ስለሚበዛ ቀስ ይላል፤ በተለይ ቤቱ ቀዝቃዛ ከሆነ። ሊጡ በእኛ ሰዓት መጋገር አልነበረበትም፣ ገና ነበር። ይህን ሁሉ እጄን እያወናጨፍኩ፣ ሰሌዳ ጠፍቶኝ በናፕኪን ላይ እየሣልኩ አስረዳሁ። ባለቤቴ ጨርሶ ሰማችኝና ስልኩን አንስታ «አባትሽ ትንሽ ይቆይ ይላል» አለቻት። ትንሽ ይቆይ! አጠቃላይ የጋዝ ሕግ «ትንሽ ይቆይ» ሆነ። በሚቀጥለው ሙከራ ዳቦው ተሳካ፤ ምስጋናው ለአያቷ ሄደ።

እኛም ጋ ቢሆን ወረቀቱ የማያውቀው ነገር ሞልቷል። አራተኛ ፎቅ ላይ ፍም አይጫንም፤ በኤሌክትሪክ ነው የሚጋገረው። ዳቦው ግማሽ ሲደርስ መብራት ከሄደ ምን ይደረጋል የሚለውን አንዷም ጽፋ አላየሁም። በእኛ ቤት የሚደረገው ይህ ነው፦ ክዳኑ አይከፈትም፣ ማንም አይናገርም፣ ጥፋቱ የእኔ ይሆናል።

አሁን ወደዚያ ወደ ተልባው ልጅ ልመለስ። ሁለተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው፣ ብቻውን። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ለእህቷ ልጅ ሠርግ አዳማ በሄደች ማግስት በሬ ተንኳኳ። ልጁ ነው፤ በእጁ ሰሃን፣ ሰሃኑ ላይ ጨርቅ። «ጋሼ፣ ብቻዎን ነዎት ብዬ ነው» አለ። አምባሻ ነው፣ በላዩ የተሠራው ጌጥ ሳይቀር፣ ገና ይጨሳል። ደጃፉ ላይ ቆሜ መረቅሁት፤ ለብቻዬ ባርኬ፣ ለብቻዬ ቆርሼ፣ እስከ ማታ ጨረስኩት። ጨው ትንሽ አንሶታል። ሌላ እንከን አላገኘሁበትም፣ ፈልጌ ነው።

ሰሃኑ ግን ቀረ። የእኔን ንግግር በየቅዳሜው የሚሰማ ልጅ ነው፣ ሰሃን ባዶውን አይመለስም ስል ጭንቅላቱን ሲነቀንቅልኝ የነበረ። ኩሽና ገባሁ። ሎሚ የለም። ሽሮው የት እንደሚቀመጥ አላውቅም፤ አንድ ዕቃ ከፍቼ ስቀምሰው የልብስ ሳሙና ሆነ። የባለቤቴን ደብተር አወጣሁ፤ «ቀላል ዳቦ ለጀማሪ» የሚል አገኘሁ። «ሊጡ እስኪበቃው ይታሻል» ይላል። እስኪበቃው? ማንን ልጠይቀው? ግራሙን ሁሉ ጽፈው ጽፈው እዚህ ላይ ሲደርሱ በግምት ሆነ! ደብተሩን መለስኩት። ከታች ካለው ሱቅ ቆሎ ልግዛና ልሙላው ብዬ ባለቤቴን ባማክራት «የተገዛ ቆሎ በሰው ሰሃን? እኔ ስመጣ የት ልግባ?» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። የምትመጣው ሠርጉና መልሱ ካለቀ በኋላ ነው።

ልጁ ደረጃ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል፣ ቆም ይላል። እኔ ስለ ዝናቡ አነሳበታለሁ።